የትኛው ዋይፋይ ይቅደም? የኔትወርክ ቅድሚያ ማስተካከያ ሲነደፍ የሚሠሩ ስህተቶች

ሐዋሳ ፒያሳ ውስጥ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት እናስብ። ኮምፒውተሩ የቤቱን ዋይፋይ፣ የባለቤቷን ስልክ ሆትስፖትና የጎረቤት ካፌውን ዋይፋይ ያውቃል። ባለቤቷ የትኛው መቅደም እንዳለበት አሳምራ ታውቃለች፤ ችግሩ ይህን ለኮምፒውተሩ የምትነግርበት ገጽ ላይ ነው። ንድፍ አውጪዎች ደጋግመው የሚወድቁባቸው ስህተቶች እነሆ።

ቁጥር አስሞልቶ መገላገል

እንደ ዊንዶውስ ያለ ሥርዓተ ክወና በሆነው በሊኑክስ ላይ ግንኙነቶችን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም፣ ኔትወርክ ማናጀር፣ የእያንዳንዱን ግንኙነት ቅድሚያ ከ-999 እስከ 999 ባለው ቁጥር ይይዛል። ካልተነካ 0 ነው፤ ትልቁ ቁጥር ይቀድማል። ለፕሮግራም ምቹ ነው፤ ኬዲኢ የተባለው የሊኑክስ የማያ ገጽታ ግን ቁጥሩን እንዳለ አውጥቶ ተጠቃሚው ፊት አስቀምጦታል። አንደኛ የሚወጣ ተማሪ ካርዱ ላይ 1 ተጽፎለት ባደገበት አገር፣ ሰው ለሚመርጠው ዋይፋይ 1፣ ለተከታዩ 2 ቢሞላ ምን ይገርማል? ውጤቱ ግን ተገልብጦ ይመጣል። ይባስ ብሎ፣ ገመድና ዋይፋይ አብረው ሲሠሩ መረጃው በየት በኩል ይውጣ የሚለውን የሚወስነው ሌላው ቁጥር በተቃራኒው ነው የሚሄደው፦ በተለመደው አሠራር ለገመድ 100፣ ለዋይፋይ 600 ይሰጥና ትንሹ ያሸንፋል። ቁጥሮቹ ፕሮግራሙ ውስጥ ይቅሩ። ተጠቃሚው የስም ዝርዝር ይይ፤ ከላይ ያለው ይቀድማል፣ አለቀ።

የማይገናኙትን ማሰለፍ

ሐይቁ ዳር ያለው ሆቴል ዋይፋይና አዲስ አበባ ያለው የእህት ቤት ዋይፋይ በአንድ ሥፍራ ታይተው አያውቁም። የትኛው እንደሚቀድም መጠየቅ ሰውን በከንቱ ማድከም ነው። ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ ያያቸውን ብቻ አቅርቡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አይበልጡም።

ቅድሚያው መቼ እንደሚሠራ አለመናገር

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። መብራት ይሄዳል፤ ራውተሩ ይጠፋል፤ ላፕቶፑ ግን በባትሪው ይቀጥልና ወደ ስልኩ ሆትስፖት ይዞራል። መብራት ተመልሶ ዋይፋዩ ቢመጣም ላፕቶፑ ካለበት አይነቃነቅም። ማታ ላይ ባለቤቷ ኮምፒውተሩን ያስተካከለላትን ወጣት ትጠራለች፦ «ልጄ፣ ዋይፋዩን ከላይ አድርገህልኝ አልነበረም? ታዲያ ካርዴን ማን ጨረሰው?»

ልጁ አልዋሸም። ኔትወርክ ማናጀር ቅድሚያን የሚያየው ግንኙነት ሲያጣ ነው፤ አንዴ ከተገናኘ የተሻለ መጣ ብሎ የያዘውን አይለቅም። ምክንያትም አለው፦ በቪዲዮ ስብሰባ መሀል ኔትወርክ ቢቀየር ንግግሩ ይቋረጣል። መዞርም አለመዞርም ሊያስኬድ ይችላል፤ የማያስኬደው ዝም ማለት ነው። ከዝርዝሩ ሥር «የሚቀድመው ሲመለስ» ብላችሁ ሦስት ምርጫ ስጡ፦ ወዲያው ይዙር፣ ይጠይቀኝ፣ ባለበት ይቆይ። ተጠቃሚው ሆትስፖቱን በዳታ ጥቅል የሚከፈልበት ብሎ ከመዘገበው ደግሞ፣ ባለበት እየቆየ ሒሳብ እንዳያስቆጥር ከመነሻው «ይጠይቀኝ» ላይ ይሁን።

ሲግናልን እንደ ኢንተርኔት መቁጠር

የሆቴል ዋይፋይ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ የይለፍ ገጹ እስኪሞላ ድረስ ምንም ላይከፍት ይችላል። ኔትወርክ ማናጀር የግንኙነት ፍተሻው ሲበራለት ይህን ለይቶ ያን ዋይፋይ ከሌሎቹ መንገዶች ኋላ ያስቀምጠዋል፤ ማያው ላይ ግን «ተገናኝቷል» ብቻ የሚል ከሆነ ተጠቃሚው ኮምፒውተሩ ቅድሚያውን የጣሰ ይመስለዋል። «ተገናኝቷል፤ ኢንተርኔት የለውም» ብሎ መጻፍ ምንም አያስከፍልም።

በመጎተት ብቻ ማስተካከል

ያረጀ የላፕቶፕ መዳሰሻ ላይ መጎተት ፈተና ነው። የላይና የታች ቀስት ጨምሩ፤ በቁልፍ ሰሌዳም ይሥራ።

ምርጫውን ከናካቴው መደበቅ

ዊንዶውስ 7 ዋይፋዮችን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅስ መስኮት ነበረው። በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው ዊንዶውስ 8 አስቀረው፤ ኮምፒውተሩ ከሰውየው አያያዝ ተምሮ ራሱ እንዲያሰልፍ ተደረገ፣ በእጅ ለማስተካከል ትእዛዝ መጻፍ ግድ ሆነ። መማሩን አልቃወምም፤ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ነገር ግን የቤቱ መስመር ሲዘገይ አንድ ቀን ወደ ካፌው ዋይፋይ የተሻገረ ሰው ካፌውን ለዘለቄታው መርጧል ማለት አይደለም። በእጅ ሲቀየር «ለአሁን ብቻ» እና «ከእንግዲህ ይህ ይቅደም» የሚሉ ሁለት አዝራሮች ይውጡ፤ ሳይነካ ከቀረ የመጀመሪያው ይያዝ።