ሞተር ተቀይሮ ጥቁር ጭስ ሲመጣ፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ሞተሩ ገብቷል፣ ቁልፉ ሲዞር ተነስቷል፣ ሁሉም ተደስቷል። ትንሽ ቆይቶ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ፔዳል ሳይረገጥ፣ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ የቤንዚኑ ሽታ ዓይን ያቃጥላል፣ ካንዴላው ሲነቀል ጥላሸት ለብሶ ይገኛል። ባለመኪናው «የሞተ ሞተር ነው የሸጡልኝ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ምንም አልሆነም። የሞተሩ ኮምፒውተር ቤንዚን የሚያፈሰው ሴንሰሮቹ የነገሩትን አምኖ ነው፤ የተነገረው ግን ውሸት ነው። የእኛ ሥራ ውሸታሙን መፈለግ ሆኖ ሳለ ሌላውን ስንቀጣ እንውላለን።

ሮጦ የኦክስጅን ሴንሰር መግዛት

ትዕግስቴን የጨረሰው ይሄ ነው። ዲያግኖስ ማሽኑ ፒ0172 ብሎ ቤንዚን እንደበዛ ሲናገር፣ ወሬውን ያመጣው ጭስ ማውጫው ላይ የተተከለው ኦክስጅን ሴንሰር ነው። ጥፋተኛው እሱ ነው ማለት ግን አይደለም። እሳት ተነሳ ብሎ የጮኸውን ሰው ይዞ እንደማሰር ነው። ከመቀየራችሁ በፊት ፈትኑት፦ ሞተሩ ሞቆ እያለ እስከ 3000 ዙር ስጡትና ፔዳሉን በድንገት ልቀቁ። ያኔ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይቆርጣል፤ የተለመደው ዓይነት ሴንሰር ቮልቴጁ ከ0.9 አካባቢ ወደ ዜሮ መጠጋት አለበት። ከወረደ ሴንሰሩ ሕያው ነው፣ ተዉት።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሴንሰሩ «ቤንዚን አነሰ» እያለ ጭሱ የሚጠቁርበት ነው። አንድ ሲሊንደር እሳት ካላገኘ የሳበው አየር ሳይቃጠል እንዳለ ይወጣል። ሴንሰሩ የሚለካው ኦክስጅንን እንጂ ቤንዚንን አይደለም፤ ስለዚህ «አየር በዝቷል» ብሎ ይናገራል፣ ኮምፒውተሩም ለሁሉም ሲሊንደር ቤንዚን ይጨምራል። ከሴንሰሩ በፊት ያለው የጭስ ማውጫ መጋጠሚያ ካፈሰም ያው ነው፤ የውጭ አየር ይስብና ያሳስተዋል። ሞተር ስትቀይሩ ያንን አሮጌ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) መልሳችሁ የምታስገቡ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

አንድ ልጅ ሦስት ኦክስጅን ሴንሰር ቀይሮ መጣ። ሦስቱም ደህና ነበሩ። ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው የአንዱ ኮይል ሶኬት «ቀጭ» ብሎ አልተቆለፈም፣ በቃ። ስነግረው ፊቱን ያየሁት ጊዜ ልቆጣው አልቻልኩም።

ስለዚህ መጀመሪያ በማሽኑ ፊዩል ትሪም እዩ፤ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን በስንት ፐርሰንት እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ፕላስ 20 ከሆነ ኮምፒውተሩ ራሱ ቤንዚን እየጨመረ ነው፤ የተታለለው በኦክስጅን ሴንሰሩ ንባብ ነውና እሳትና የጭስ ማውጫ ፍሳሽ ፈልጉ። ማይነስ 20 ከሆነ ኮምፒውተሩ ሊቀንስ እየታገለ ነው፤ ቤንዚኑ በሌላ በኩል እየገባበት ነው። ይህን ሳታዩ መፍቻ ማንሳት በጨለማ መርፌ መፈለግ ነው።

ጌጁ ስለሠራ የሙቀት ሴንሰሩ ደህና ነው ማለት

ብዙ ሞተር ላይ ሁለት የውሃ ሙቀት ሴንሰር አለ። ባለአንድ ሽቦው ለዳሽቦርዱ ጌጅ ነው፣ ባለሁለት ሽቦው ለኮምፒውተሩ። ጌጁ ወጥቶ መሀል ላይ ስለቆመ ኮምፒውተሩም ሞተሩ መሞቁን ያውቃል ማለት አይደለም። የኮምፒውተሩ ሴንሰር ሲቀዘቅዝ ኦሙ ይጨምራል፣ ሲሞቅ ይቀንሳል፤ በብዙዎቹ ላይ በ20 ዲግሪ ከ2000 እስከ 3000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ 300 ኦም አካባቢ ነው። ከአሮጌው ሞተር የተነቀለ ወይም ለሌላ ኮምፒውተር የተሠራ ሴንሰር ከገባ ኮድ ሳያወጣ ይዋሻል፤ እውነተኛ የሚመስል የተሳሳተ ቁጥር ነው የሚናገረው። ቀላሉ ፈተና፦ መኪናው ሌሊቱን ከቆመ በኋላ ሳይነሳ የውሃውንና የሚገባውን አየር ሙቀት በማሽኑ አወዳድሩ። መቀራረብ አለባቸው።

ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን የሚያግደውን) አውጥቶ መጣልም እዚሁ ይመደባል። ሞተሩ በደንብ አይሞቅም፣ ኮምፒውተሩም የማሞቂያውን ቤንዚን መስጠቱን አያቆምም።

ማሳ መርሳት

ይሄኛውን እኔው ሠርቼዋለሁ፤ ያውም ጀማሪ ሳልሆን። ሞተር የሚቀመጠው በጎማ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከአካሉ ጋር በኤሌክትሪክ የሚያገናኘው ያ የተጠለፈ ወፍራም ገመድ፣ ማሳው፣ ነው። ሞተሩን ለማውጣት ገመዱን ስፈታው ጎን ላይ አስቀመጥኩት፣ ሲመለስ ረሳሁት። መኪናው ተነሳ። ሁለት ቀን ሙሉ ቤንዚን ለምን እንደበዛ ስፈልግ ከረምኩ፤ ሴንሰር ስለካ፣ ቤንዚን የሚረጨውን ኖዝል ሳወጣ። በመጨረሻ ሞተሪኖውን እያስነሳሁ ከፔዳሉ የሚመጣውን የነዳጅ መስጫ ገመድ ብነካው ሞቋል። የሞተሪኖው ኃይል መንገድ ሲያጣ በዚያ ቀጭን ገመድና በሴንሰሮቹ ማሳ በኩል ይመለስ ነበር።

ከቤንዚኑ ጋር ምን አገናኘው? የሴንሰሩ ማሳ ከፍ ሲል ኮምፒውተሩ ጋ የሚደርሰው ቮልቴጅም አብሮ ከፍ ይላል። ለሙቀት ሴንሰር ከፍ ያለ ቮልቴጅ ማለት ቅዝቃዜ ነው። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ቀዝቅዟል ብሎ ቤንዚን ይጨምራል።

ማሳን በኦም ሜትር አትፈትኑ። ገመዱ ተበጣጥሶ አንድ ክር ብቻ ቢቀረውም ኦም ሜትሩ «ደህና ነው» ይላችኋል። ሞተሩን አስነሱ፣ መብራቱንና ፋኑን አብሩ፣ ቮልት ሜትሩን ከባትሪው ኔጌቲቭ ምሰሶ ወደ ሞተሩ አካል ያዙ። 0.2 ቮልት ካለፈ ገመዱን ቀይሩ። ኮምፒውተሩ ራሱ የሚታሰርባቸውን ቀጫጭን ማሳዎችም አትርሱ፤ ብዙ ጊዜ ማኒፎልዱ (የአየር ማስገቢያው) ላይ በአንድ ቦልት ተሰብስበው ታገኟቸዋላችሁ፣ ቦልቱ ሥር ደግሞ ቀለም ወይም ዝገት።

«ቫክዩም ካፈሰ ቤንዚን ያንሳል» ብሎ ማለፍ

ግማሽ እውነት ነው። የሚገባውን አየር በቀጥታ በሚለካ ሞተር ላይ እውነት ነው። የማኒፎልድ ግፊት በሚለካ ሴንሰር ለሚሠራ ሞተር ግን ወደ ሴንሰሩ የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ከተሰነጠቀ ወይም ከስሮትሉ (ፔዳሉ ከሚከፍተው የአየር በር) በፊት ባለው ቀዳዳ ላይ ከተሰካ፣ ኮምፒውተሩ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ተረግጧል ብሎ ያምናል። ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ 30 እስከ 40 ኪሎፓስካል ያሳያል፤ ቁጥሩ ከውጭው አየር ግፊት ጋር እኩል ከሆነ ሌላ ነገር አትንኩ፣ ቱቦውን ተከተሉ።

የታይሚንግ ቺንጋ አንድ ጥርስ ቢስትም ቫክዩሙ ይዳከማል፣ ሴንሰሩም ይህንኑ ይናገራል። ኮምፕሬሽንና ምልክቶቹን ሳታዩ ኤሌክትሪኩን አትወንጅሉ።

የነዳጅ ግፊቱን ሳይለኩ መተው

የግፊት መቆጣጠሪያውን የቫክዩም ቱቦ ንቀሉ። ውስጡ ቤንዚን ካለ ሽፋኑ ተቀዷል፤ ሞተሩ በዚያ ቀዳዳ በቀጥታ እየጠጣ ነው። ደረቅ ከሆነ ጌጅ አስገቡና ግፊቱን ለሞተሩ ከተጻፈው ጋር አወዳድሩ፤ በብዙዎቹ ከ2.5 እስከ 3 ባር አካባቢ ነው። ከፍ ካለ መመለሻ ቱቦውን ተመልከቱ። ሞተር ሲገባ የታጠፈ ወይም በሞተሩና በግድግዳው መሀል የተጨፈለቀ ቱቦ ስንት ጊዜ እንዳገኘሁ አልቆጥረውም። ቱቦ ስትፈቱ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ እሳት ማጥፊያም አጠገባችሁ ይኑር።

ኖዝል ማቀላቀል

ኮምፒውተሩ ኖዝሉን የሚከፍተው በጊዜ ነው፤ ስንት እንደፈሰሰ አያይም። ኮምፒውተሩ በደቂቃ 240 ሲሲ ለሚያፈስ ኖዝል ተሠርቶ 360 የሚያፈስ ከተገጠመ ቤንዚኑ በግማሽ ይጨምራል። ኦሙንም ለኩ፦ ከ12 እስከ 16 ኦም የሆነውና 2 ወይም 3 ኦም የሆነው አይለዋወጡም፤ ዝቅተኛውን ለከፍተኛው በተሠራ ኮምፒውተር ላይ ከሰካችሁ ኮምፒውተሩንም ልታቃጥሉት ትችላላችሁ። የአየር መለኪያውም እንዲሁ ነው፣ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ይምጣ።

ውሸታሙ ተገኝቶ ሥራው ካለቀ በኋላም አንድ ነገር ይቀራል። ባትሪውን ነቅላችሁ ኮምፒውተሩ የለመደውን ይርሳ፣ ካንዴላዎቹን አጽዱ ወይም ቀይሩ፣ ከዚያ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥታችሁ አሽቱት። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ ወይም ዘይቱ ከሞላችሁት በላይ ከፍ ብሎ ከታየ፣ ያ ሁሉ የተረፈ ቤንዚን በፒስተኑ ፋሻ አልፎ ዘይቱ ውስጥ ገብቷል። ትናንት የገባ አዲስ ዘይት ቢሆንም አፍስሱትና ከነፊልትሮው ቀይሩት።