ህፃን ልጅ በንዴት መሬት ላይ ሲንፈራፈር ምን እናድርግ?

ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ አራት ዓመት ያለ ልጅ ሱቅ በር ላይ ተዘርሮ ቢጮህ፣ እናቱን ቢመታ፣ የያዘውን ቢወረውር ስድ ሆነ ማለት አይደለም። በዚህ ዕድሜ ፍላጎቱ ብዙ፣ ቃላቱ ጥቂት ናቸው። ስሜትን የሚገታው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ደግሞ በስሎ የሚያበቃው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ልጁ ለቅሶው መሃል ሳለ ምክር አይገባውም፣ ቁጣም አያስተምረውም። የማስተማሪያው ጊዜ ከለቅሶው በፊትና በኋላ ነው። ሁለት ልጆች ሳሳድግና የእህቶቼን ልጆች ስይዝ የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

1. መጀመሪያ መዝግቡ

ለአንድ ሳምንት ያህል ልጁ በተናደደ ቁጥር ሰዓቱን፣ ቦታውንና ወዲያው ከዚያ በፊት የሆነውን ጻፉ። የስልክ መተግበሪያ አያስፈልግም። ፍሪጅ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ሞግዚቷም አያትየዋም ሊሞሉት ስለሚችሉ በጣም ይሻላል። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ምክንያት ርሃብ፣ ድካም ወይም ከጨዋታ ድንገት መነጠል ነው።

ርሃቡ ቀላል ነው፤ ከቤት ስትወጡ ዳቦ ወይም ሙዝ ያዙ። እንቅልፉ ግን ውሳኔ ይጠይቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የ1 እና የ2 ዓመት ልጅ በቀን ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ የቀኑም እንቅልፍ ይቆጠራል። አዲስ አበባ ላይ አባት ከታክሲ ሰልፍ ወጥቶ ቤት እስኪገባ ልጁ ሳይተኛ ይጠብቀዋል። ማታ 4 ሰዓት የተኛ ልጅ ለሰርቪስ ጠዋት 12:30 ሲቀሰቀስ የተኛው 8 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። 2:30 ላይ ቢተኛ 10 ሰዓት ይሞላለት ነበር። አባትና ልጅ ማታ መገናኘታቸው ቀርቶ ጠዋት ቁርስ ላይ አብረው ቢቀመጡ እመርጣለሁ። ይህን መስማት ለብዙ አባቶች ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን "አመሉ ከፋ" የሚባለው ልጅ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ነው።

ከጨዋታ ልታስነሱት ስትሉ አስቀድማችሁ ንገሩት። የሦስት ዓመት ልጅ አምስት ደቂቃ ምን ያህል እንደሆነ አያውቅም። "ሁለቴ ተንሸራተህ እንሄዳለን" ካላችሁት ግን ይገባዋል።

2. ለቅሶው ሲጀምር

ፊታችሁ ከፊቱ እንዲተካከል በርከክ በሉ። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። የተሰማውን በአጭሩ ንገሩት፦ "ከረሜላ ፈልገህ ስለከለከልኩህ ተናደድክ።" ከዚያ ዝም ብላችሁ አጠገቡ ቆዩ። ቢማታ ሳታሳምሙ እጁን ያዙና "መማታት አይቻልም" በሉት። ሰው በበዛበት ቦታ ከሆነ አቅፋችሁት ወደ ዳር ውጡ። ሚኒባስ ውስጥ ከሆነ ለተሳፋሪው "ይቅርታ" ማለት ይበቃል፤ ለሰው ዓይን ሲባል ልጅ አይቆነጠጥም። ቁንጥጫ በድንጋጤ ዝም ያሰኘዋል፤ ይዞት የሚያድገው ግን ትልቅ ሰው ሲናደድ ትንሹን መምታት እንደሚችል ነው። መዋዕለ ሕፃናት ስትመርጡም ይህን በግልጽ ጠይቁ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ህፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል።

ስልክ መስጠትን በተመለከተ አቋሜ ጠንካራ ነው። ቪዲዮ የከፈታችሁለት ልጅ ዝም ይላል፤ ነገር ግን ከንዴት በራሱ መመለስን የሚለማመድበትን ዕድል አጣ። ያው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለ1 ዓመት ልጅ ስክሪን ጨርሶ አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያ ካነሰ ደግሞ እንደሚሻል ይናገራል። ያቺ አንድ ሰዓት ማባበያ ከምትሆን ልጁ ደስ ብሎት ሳለ አብራችሁት የምታዩባት ብትሆን ይሻላል።

"አያ ጅቦ መጣልህ"፣ "ለፖሊስ እሰጥሃለሁ"፣ "ዶክተሩ በመርፌ ይወጋሃል" ማለት ይቅር። በዶክተር ስም ሲፈራ የኖረ የጎረቤታችን ልጅ ትኩሳት ይዞት ጤና ጣቢያ ሲሄድ ነጭ ጋውን ገና ሲያይ በሩን ይዞ አልገባም አለ። ሦስት ሰው ይዞት ነው የተመረመረው። ያን ዕለት ሊያረጋጋው የሚችለውን ሰው ቤተሰቡ ራሱ ጭራቅ አድርጎት ቆይቷል።

3. ቤቱ በሙሉ አንድ ቃል እንዲናገር

ከባዱ ይህ ነው። ብዙ የልጅ አስተዳደግ ምክር የሚጻፈው እናትና አባት ብቻ ላሉበት ቤት ነው። በእኛ ቤት አያት አለች፣ አክስት አለች፣ ሞግዚት አለች፤ ባለሱቁም ከረሜላ ይመርቃል። እናት "አይሆንም" ትላለች። ልጁ ያለቅሳል። አያት "ኧረ ልጁን አታስለቅሱት!" ብለው ከመቀነታቸው ብር ፈትተው ይሰጡታል።

ልጁ ከዚህ የሚወስደው ረዘም አድርጎ ካለቀሰ እንደሚያገኝ ነው። አንዳንዴ የሚሰጠው፣ አንዳንዴ የሚከለከለው ልጅ ከሁሉም በላይ አጥብቆ ያለቅሳል፤ ዛሬ ይሳካልኝ ይሆናል ብሎ ተስፋ አይቆርጥምና። እንግዲህ የምትሰጡት ከሆነ ገና ሲጠይቃችሁ ስጡት። የማትሰጡት ከሆነ እስከ መጨረሻው አትስጡት። መፅናት እንደማትችሉ በምታውቁበት ቀን፣ ደክማችሁ ስትገቡ ወይም እንግዳ ቤት ስትሆኑ፣ መጀመሪያውኑ "አይሆንም" አትበሉ።

አንድ ነገር ቀድማችሁ እወቁ። መፅናት ስትጀምሩ ለቅሶው መጀመሪያ ይብሳል። የለመደው መንገድ ሲዘጋበት ልጁ በርትቶ ይሞክራል። ብዙ ቤተሰብ "ይሄ ነገር አልሠራም" ብሎ የሚተወው ልክ በዚህ ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ከተሸነፋችሁ ልጁ ከበፊቱ ከፍ ያለ ጩኸት እንደሚያስፈልግ ይማራል፤ ቀጣዩ ዙር ይከብዳችኋል። ይህን ለቤተሰቡ ሁሉ ከመጀመራችሁ በፊት ንገሩ፤ ለቅሶው ሲብስ የሚደነግጥ ሰው እንዳይኖር።

አያትን መገሠጽ አይገባም፣ አይሠራምም። ልጁ ተኝቶ ቡና ሲጠጣ፣ ብቻቸውን ሳሉ፣ እርዳታ በመጠየቅ ጀምሩ። እኔ አማቴን "እማማ፣ ይሄ ልጅ ለቅሶ አበዛብኝ፤ ካለ እርስዎ አልችለውም" ነበር ያልኳቸው። ከዚያ ለእሳቸው የሚሆን ሥራ አስቀመጥን። ከረሜላዋ በቀን አንድ፣ ከምሳ በኋላ፣ ሳያለቅስ፣ ከእሳቸው እጅ ብቻ ሆነች። የመስጠቱን ደስታ አልነጠቅናቸውም፤ ሰዓቱን ብቻ ነው የቀየርነው። ልጁ ሲያለቅስ ደግሞ ማቀፍ፣ እሹሩሩ ማለት፣ ማባበል የእሳቸው ነው። ማቀፍ ልጅን አያሞላቅቅም። የተከለከለውን ነገር ሳይሰጡት እስኪረጋጋ ድረስ ማቀፍ ይቻላል፤ እንዲያውም የሚያስፈልገው እሱ ነው። አያቶች ይህን ሲሰሙ እፎይ ይላሉ፤ የፈሩት ልጁ ብቻውን ተጥሎ እንዲያለቅስ ነውና።

ሞግዚቷን አትርሱ። ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ወጣቶች ናቸው። የልጁ ለቅሶ ከተሰማ "ምን አድርገሽው ነው?" የሚል ቁጣ እንደሚመጣባቸው ስለሚያውቁ ያለውን ሁሉ ይሰጡታል። "ቢያለቅስ አንቺን አልቆጣሽም" ብላችሁ ቃል ግቡላት፤ ቃላችሁንም ጠብቁ። ሥራ ለቃ ስትሄድ ደግሞ ልጁ ተኝቶ ሳለ አትሸኟት። ከእሷ ጋር የዋለ ልጅ ስትለየው ያዝናል፤ ሐዘኑም በመማታትና በማልቀስ ይወጣል። ይሰናበታት፤ ናፍቆቱን ሲያነሳ ወሬ አትለውጡበት።

ለሁሉም የሚሆነው ሕግ ትንሽ ይሁን። እኛ ቤት ሰው መማታት፣ መንገድ ላይ እጅ መልቀቅና እሳት መጠጋት አይቻልም። ሌላው በየዕለቱ ይታያል።

4. ካለፈ በኋላ

ውሃ ስጡት፣ ፊቱን አጥቡት፣ እቀፉት። ከዚያ በሁለት ቃል፦ "ስትናደድ 'እማዬ ተናደድኩ' በለኝ።" ከዚያ በላይ አትስበኩ። ማታ ተረት ስትነግሩት "ጥንቸሏ ያኔ ምን ተሰማት?" እያላችሁ ጠይቁት፤ የስሜት ቃላትን የሚለምደው ሲረጋጋ ነው።

5. ለሐኪም የሚታይበት ጊዜ

ንዴቱ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት የሚበልጥ ከሆነ፣ ራሱን ከግድግዳ እያጋጨ የሚጎዳ ከሆነ፣ ወይም አራት ዓመት ካለፈው በኋላም በየቀኑ የሚቀጥል ከሆነ ለሕፃናት ሐኪም አሳዩት። ሲያለቅስ ትንፋሹ ቆሞ የሚጠቁር ወይም የሚዝለፈለፍ ልጅም ይታይ። ብዙውን ጊዜ አደገኛ ባይሆንም አንዳንዴ ከብረት ማነስ ጋር ስለሚያያዝ ደሙ መመርመር አለበት።

በተለይ አንድ ዓመት ሞልቶት በስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በአንድ ዓመት ተኩል የፈለገውን በጣት የማያሳይ፣ በሁለት ዓመት ሁለት ቃል የማያገጣጥም፣ ወይም በማንኛውም ዕድሜ ይናገር የነበረውን ቃል ያጣ ልጅ ካላችሁ አትቆዩ። "ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው" የሚለው ወሬ ስንት ልጅ ጊዜውን አሳጥቷል! ምክንያቱ የመስማት ችግር ወይም ኦቲዝም (የልጁን ንግግርና ከሰው ጋር መግባባቱን የሚነካ የአንጎል ዕድገት ልዩነት) ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ የመስማት ምርመራ ጠይቁ። አዲስ አበባ ውስጥ ወ/ሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ያቋቋሙት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል፣ እንዲሁም ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል አሉ። አሜሪካ የምትኖሩ ከሆነ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የቅድመ እርዳታ ፕሮግራሙ (Early Intervention) ግምገማውን ያለ ክፍያ ያደርጋል፤ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። ሁለት ቋንቋ መስማት ንግግር አያዘገይም፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ አማርኛውን አታቋርጡ። ቃላቱን ስትቆጥሩም የሁለቱንም ቋንቋ ደምሩ።

ለምርመራ ስትሄዱ የመዘገባችሁበትን ወረቀት፣ የክትባት ካርዱን፣ እንዲሁም ልጁ ቤት ሆኖ ሲጫወትና ሲናደድ በስልክ የቀረጻችሁትን አጭር ቪዲዮ ያዙ። ምርመራ ክፍል ገብቶ ዝም ጭጭ የሚል ልጅ ብዙ ነው።