ለአሮጌ ኮርሳ የሚገጥም ክራንክ እንዴት ይመረጣል?

ከለገሃር ተነስታችሁ በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት በብስክሌት ወጥታችሁ ታውቁ ይሆናል። የእኔ ኮርሳ (የውድድር ብስክሌት) ክራንክ እንደተበላሸ ያወቅሁት እዚያ ዳገት ላይ ነው። ከኮርቻው ተነስቼ ስረግጥ የግራው ፔዳል ቀጭ አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቀጭ። ቤት ገብቼ ክንዱን ይዤ ስነቀንቀው ይወዛወዛል። ብሎኑ ላልቶ ኖሯል። እኔ ሳላውቅ ስረግጠው ከርሜ የአሉሚኒየሙ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ጥጉ ተበልቷል። እንዲህ ከሆነ በኋላ ብሎኑን ቢያጠብቁትም ተመልሶ ይላላል። መቀየር ነው ያለበት።

ከውጭ ለሚመጣ ዘመዴ "ለኮርሳ የሚሆን ክራንክ" ብዬ ጻፍኩለት። የሚያምር ዕቃ ይዞልኝ መጣ። አልገጠመም። ዘመድ የሚመጣው በዓመት አንዴ ነው፤ ዕቃውን መልሶ መላክ ደግሞ አይታሰብም። መርካቶ ስትገዙም ያው ነው፤ "ይገጥማል" የሚላችሁ ሰው ብስክሌታችሁን አላየውም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ፍቱና ለኩ። የኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መንገድ ከተሠራ ወዲህ ከቆጥ የወረዱ አሮጌ ኮርሳዎች ከተማ ውስጥ አያለሁ፤ በጣም ደስ ይለኛል። በአንድ ያልገጠመ ዕቃ ምክንያት ተመልሰው ቆጥ እንዲወጡ አልፈልግም።

ክራንክ ስል ሁለቱን የፔዳል ክንዶችና በቀኙ ክንድ ላይ የታሰሩትን የፊት ማርሾች ማለቴ ነው። ክንዶቹ የሚቀመጡት ፍሬሙ ውስጥ በኩሽኔታ ላይ በሚዞረው ዘንግ፣ በፔርኖው ላይ ነው።

መጀመሪያ በእርግጥ የተበላሸው የቱ እንደሆነ እዩ። ክንዶቹ ደህና ሆነው የማርሹ ጥርስ ብቻ እንደ መጋዝ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ፣ ማርሹን ብቻ መቀየር ይበቃል። ክንዱ ከተሰነጠቀ ወይም እንደ እኔ ቀዳዳው ከተበላ ቀጥሉ።

ክራንኩን መፍታት

ፔዳሎቹን አውልቁ። የግራው ፔዳል የሚፈታው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ከዚያ በክንዱ መሀል ያለውን ብሎን ፍቱ፤ ብዙውን ጊዜ 14 ቁጥር ነው። ከብሎኑ ሥር ሮንዴላ ካለ እሱንም አውጡ። ብዙ ክራንክ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ሮንዴላው ውስጥ ከቀረ፣ ክንዱን ከፔርኖው ስቦ የሚያወጣው መሣሪያ፣ መጎተቻው፣ እሱን ይገፋል እንጂ ፔርኖውን አይገፋም፤ ክንዱም ንቅንቅ አይልም።

የክራንክ መጎተቻ ከሌላችሁ ተዋሱ እንጂ በመዶሻ አትምቱ። የመጎተቻው አፍ 22 ሚሊ ሜትር ነው። የክንዱን ውስጥ በጨርቅና በትንሽ ናፍጣ አጽዱና መጎተቻውን በእጅ እስከ መጨረሻው አስገቡት። ሁለት ዙር ብቻ ይዞ ከጎተታችሁት የአሉሚኒየሙን ጥርስ ልጦት ይወጣል።

ፔርኖውን ማወቅ

ክንዱ ሲወጣ የምታዩት ነገር አብዛኛውን ጥያቄ ይመልሳል።

ክንዱ በጎን በገባ የብረት ሽብልቅ የተያዘ ከሆነ ብስክሌቱ በጣም የቆየ ነው። ዘመናዊ ክራንክ እዚያ ፔርኖ ላይ አይገባም፤ ኩሽኔታውም አብሮ ይቀየራል። ጫፉ አራት ማዕዘን ከሆነ ደግሞ የብዙዎቻችን ዓይነት ነው። ዙሪያውን ጥርስ ያለው ወፍራም ክብ ከሆነ የዚያኑ ዓይነት ክራንክ ብቻ ፈልጉ። ከእነዚህ አንዱ፣ የጃፓኑ ሠሪ የሺማኖ ኦክታሊንክ፣ ራሱ እርስ በርስ የማይገጥሙ ሁለት ዓይነቶች አሉት።

አራት ማዕዘኑም ሁለት ልክ አለው። ሺማኖና አብዛኛው የእስያ ዕቃ የጃፓኑን ልክ ይከተላል። የጣሊያኑ ካምፓኞሎ ደግሞ አይሶ የሚባለውን፣ ጫፉ ትንሽ ቀጠን የሚለውን። በዓይን አይለዩም። የአይሶ ክራንክ በጃፓን ፔርኖ ላይ ሲገባ 4.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ውጭ ይቀራል። የጃፓኑን ክራንክ በአይሶ ፔርኖ ላይ ስትከቱ ደግሞ ከሚገባው በላይ ዘልቆ ይገባል፤ ብሎኑ የጠበቀ ይመስላል፣ ክንዱ ግን አልያዘም።

ቀጥሎ ርዝመት። ፔርኖውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በካሊፐር ለኩ። ድፍን ኩሽኔታ ከሆነ ላዩ ላይ 68-110 የመሰለ ቁጥር ታገኛላችሁ፤ 68 ፔርኖው የሚያልፍበት የፍሬሙ ቱቦ ስፋት፣ 110 የፔርኖው ርዝመት ነው። ግን ልብ በሉ፤ አሮጌው ክራንክ 110 ላይ ስለሠራ አዲሱም 110 ይፈልጋል ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ክራንክ ሠሪው የወሰነለት የፔርኖ ርዝመት አለው። ከሻጩ መጠየቅ ያለባችሁ ይህንን ነው።

ፔርኖው መቀየሩ ካልቀረ የፍሬሙን ቱቦ ለኩ። ስፋቱ 70 ሚሊ ሜትር ከሆነ የጣሊያን ልክ ነው፤ በኩሽኔታው ክዳን ላይ 36 በ24 ተጽፎ ይገኛል። 68 ከሆነ የእንግሊዝ ወይም የፈረንሳይ ነው። የእንግሊዙ 1.37 በ24 ይላል፤ የቀኙ ክዳን የሚጠብቀውም በግራ ዙር ነው። የድሮ የፈረንሳይ ብስክሌቶች 35 በ1 ናቸው፤ ለእነሱ ዕቃ ማግኘት ያደክማል። የእንግሊዝ ልክ ከሆነላችሁ ግን የራሱን 24 ሚሊ ሜትር ፔርኖ ይዞ የሚመጣውን አዲሱን ዓይነት ክራንክም ከነክዳኖቹ መግጠም ትችላላችሁ።

ስንት ጥርስ?

እኔ እዚህ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ። አሮጌ ኮርሳ ብዙውን ጊዜ ከፊት 52 በ42 ነው። ይህ ለሜዳ አገር ነው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሳስቶ መንገዱ ሁሉ ዳገት ነው። ከፊት 42፣ ከኋላ 24 ጥርስ ላይ ስትሆኑ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ብስክሌቱ 3.7 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከፊት 34 ብታደርጉት 3 ሜትር ገደማ ይሆናል። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ለሚወጣ ጉልበት ልዩነቱ ትልቅ ነው። ከተቀየረ አይቀር ትንሹን ማርሽ አሳንሱ።

የምታሳንሱበትን ልክ የሚወስነው ማርሹን የሚያስሩት ብሎኖች የሚሠሩት ክብ ነው። አምስት ብሎን ካለው የሁለት ጎረቤታሞችን ርቀት ከመሀል እስከ መሀል ለኩና በ1.7 አባዙ፤ የክቡን ስፋት በሚሊ ሜትር ታገኛላችሁ። ርቀቱ 76.4 ከሆነ ክቡ 130 ነው፤ ከ38 ጥርስ በታች አይወርድም። 84.6 ከሆነ የድሮው ካምፓኞሎ 144 ነው፤ ከ41 አይወርድም። 64.7 ከሆነ 110 ነው፤ 34ን ይቀበላል። ለከተማችን የምመርጠው 110ሩን ነው።

ማሳነስ ግን መዘዝ አለው። ትልቁ ማርሽ ከ52 ወደ 50 ሲወርድ የፊቱን ማርሽ ቀያሪም ዝቅ ማድረግ አለባችሁ፤ በእሱና በትልቁ ማርሽ ጥርስ መሀል ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይቅር። የኋላው ቀያሪም የሚሰበስበው የካቴና መጠን ወሰን አለው። የፊቶቹን ልዩነትና የኋላዎቹን ልዩነት ደምሩ። ከፊት 50 በ34፣ ከኋላ ከ13 እስከ 24 ጥርስ ሲሆን ድምሩ 27 ነው፤ በ52 በ42 ግን 21 ነበር። አጭሩ የድሮ ቀያሪ ላይችለው ይችላል። እኔ 48 በ34 አድርጌ ተገላገልኩ።

ሌላው የካቴናው መስመር ነው። ባለ ሁለት ማርሽ ኮርሳ ላይ ከፍሬሙ መሀል እስከ ሁለቱ የፊት ማርሾች መሀል 43.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከዚህ በጣም ከገባ ትንሹ ማርሽ ፍሬሙን ይልጠዋል፤ ከወጣ ካቴናው ይንጫጫል። የክንዱ ርዝመት በውስጥ በኩል ተጽፏል፤ አብዛኛው 170 ነው፤ እግራችሁ አጭር ከሆነ 165 ፈልጉ።

ለሚገዛላችሁ ሰው በቴሌግራም የምትልኩት እንግዲህ እንዲህ ይሁን፦ "አራት ማዕዘን ፔርኖ፣ የጃፓን ልክ፣ ርዝመቱ 110፤ ቱቦው 68፣ እንግሊዝ፤ የብሎን ክብ 110፤ ማርሽ 48 በ34፤ ክንድ 170፤ ከኋላ ባለ 7 ማርሽ።" የፔርኖውን ፎቶ ከማስመሪያ ጋር አያይዙ።

ስትገጥሙ የፔርኖውን ጫፍ በንጹህ ጨርቅ ጥረጉ። ብሎኑን ከ35 እስከ 40 ኒውተን ሜትር አጥብቁት። መለኪያ ያለው መፍቻ ከሌላችሁ ረጅም እጀታ ባለው በደንብ እሰሩት። ከመጀመሪያው ጉዞ ስትመለሱ ደግሞ እንደገና ፈትሹት። የእኔ የዚያን ቀን ሩብ ዙር ያህል ተቀብሏል።