በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ድሮን በሕግ ለማብረር፦ ከምዝገባ እስከ ሰርጉ ቀን

ዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) ውስጥ ሰርግ የሚቀርጽ ሰው ሁሉ ይህችን ጥያቄ ያውቃታል፦ "ድሮን አለ አይደል?" ጠያቂው ብዙ ጊዜ ሚዜው ወይም የሙሽራው ወንድም ነው። "አለ" ካላችሁ ሥራው የእናንተ ነው። "የለም" ካላችሁ ሌላ ሰው ይፈለጋል። ቀጥሎ መምጣት ያለበትን ጥያቄ ግን የሚያነሳው የለም። አዳራሹ ያለበት ቦታ ላይ ድሮን ማብረር ይፈቀዳል ወይ?

አብዛኛውን ጊዜ አይፈቀድም። የዋሽንግተን ዲሲ ሰማይ በአሜሪካ ካሉት ሁሉ ጥብቁ ነው። አትላንታ ያለ ጓደኛችሁ ግቢው ውስጥ በአምስት ደቂቃ የሚያስነሳት ድሮን እዚህ ፍርድ ቤት ልታስቆማችሁ ትችላለች። የሚከተለው በሕጉ ውስጥ ሆኖ ለመሥራት የሚያስፈልገው ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ማን እንደሚያዝ እንለይ። በአየሩ ላይ የሚያዘው ከተማው ሳይሆን የፌዴራሉ አቪዬሽን አስተዳደር፣ ኤፍኤኤ ነው። ከንቲባዋም ሆነች የካውንቲው ምክር ቤት "እዚህ ሰማይ ላይ ይበረር" ወይም "አይበረር" ማለት አይችሉም። ድሮኑ ከየትኛው መሬት ይነሳ፣ የትስ ይረፍ በሚለው ላይ ግን የመሬቱ ባለቤት ያዛል። ስለዚህ ሁለቱም ያገባቸዋል፤ የአንዱ ፈቃድ የሌላውን አይተካም።

ደረጃ 1፦ ከሬገን ኤርፖርት ስንት ማይል እንደምትርቁ እወቁ

ድሮን ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ የዲሲ አየር በሁለት ቀለበት ታጥሯል። የሁለቱም መሐል ሬገን ኤርፖርት ነው። ውስጠኛው ቀለበት እስከ 15 ማይል ግድም ይደርሳል። እዚያ ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ድሮን ማስነሳት ክልክል ነው። ለመዝናኛም፣ ለሥራም፣ ለአሻንጉሊቷ ሚኒ ድሮንም ያው ነው። ውጪኛው ቀለበት እስከ 30 ማይል ይሄዳል። እዚያ መደበኛውን ሕግ እያከበሩ ማብረር ይቻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በማይሉ ላይ ነው። ይህ የአቪዬሽን ማይል ነው፣ መኪናችሁ የሚቆጥረው አይደለም። ከመንገዱ ማይል ይረዝማል፤ 15ቱ በመኪና ማይል ወደ 17 ይጠጋል፣ ወደ 28 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። የሚለካውም በአየር ቀጥታ መስመር ነው፤ በ495 አውራ ጎዳና ዞራችሁ የነዳችሁት አይቆጠርም። "ቤቴ ከኤርፖርቱ 16 ማይል ነው፣ ወጥቻለሁ" ያለ ሰው አሁንም ውስጥ ሊሆን ይችላል።

እኛ የምንኖርባቸውን ሰፈሮች እንያቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ናት። አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተን፣ ፎልስ ቸርች፣ ሃያትስቪል ውስጥ ናቸው። ሐበሻ አዳራሽ የሚከራይባቸው ቦታዎች አብዛኞቹ እዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። ሮክቪልና ውድብሪጅ ጠርዝ ላይ ናቸው። እነዚህን በግምት ሳይሆን በካርታ፣ በትክክለኛው አድራሻ ነው ማየት ያለባችሁ። ጌዘርስበርግ፣ ጀርመንታውን፣ ሴንተርቪል፣ ማናሳስና አሽበርን ከውስጠኛው ቀለበት ውጪ ናቸው።

ውጪ ናቸው ማለት ግን ነፃ ናቸው ማለት አይደለም። አሽበርንና ስተርሊንግ ደለስ ኤርፖርት አፍንጫ ሥር ናቸው። ማናሳስ የራሷ ኤርፖርትና የራሷ መቆጣጠሪያ ማማ አላት። በእነዚህ አካባቢዎች የሌላ ዓይነት ፈቃድ ትጠየቃላችሁ፤ በደረጃ 5 እንመጣበታለን። ፍሬድሪክ ድረስ ከሄዳችሁ ከ30ውም ወጥታችኋል። እዚያም ቢሆን ማማ ያለው ኤርፖርት አለ። ትንሽ አለፍ ሲል ደግሞ የፕሬዚዳንቱ ማረፊያ ካምፕ ዴቪድ አለ፤ እሳቸው ሲመጡ ክልከላው ይሰፋል።

ደረጃ 2፦ ለመዝናናት ነው ወይስ ለሥራ?

ብዙ ሰው "ብር ካልተቀበልኩ መዝናኛ ነው" ብሎ ያስባል። ሕጉ ግን የሚያየው ብሩን ሳይሆን ዓላማውን ነው። መዝናኛ ማለት ለራስ ደስታ ብቻ ማብረር ነው። የአጎታችሁን ልጅ ሰርግ በነፃ ቀርጻችሁ ለሙሽሮቹ ብታስረክቡ ለራስ ደስታ ነው ብሎ መከራከር ያስቸግራል። ገቢ ለሚያመጣ የዩቲዩብ ቻናል መቅረጽ ደግሞ ጭራሽ መዝናኛ አይደለም። ለማኅበር፣ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ በበጎ ፈቃድ መቅረጽም እንደዚያው።

ጥርጣሬ ካላችሁ የሥራውን መንገድ ያዙ። ፓርት 107 ይባላል፤ ከ2016 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ ነው። ፈቃዱ ያለው ሰው ሁለቱንም ዓይነት በረራ ማብረር ይችላል።

ደረጃ 3፦ ፈተናውን ውሰዱ

ለመዝናኛ ከሆነ ትረስት የሚባል ነፃ የኦንላይን ፈተና አለ። ስትጨርሱ የሚሰጣችሁን ሰርተፊኬት አስቀምጡት፤ ከጠፋባችሁ እንደገና መውሰድ ነው።

የፓርት 107 ፈተና ግን ጥናት ይፈልጋል። የሚወሰደው በፈተና ማዕከል ነው። 175 ዶላር ይከፈላል። 60 ጥያቄ አለው፣ ማለፊያው 70 ከመቶ ነው። ከወደቃችሁ 14 ቀን ጠብቃችሁ፣ እንደገና ከፍላችሁ ትፈተናላችሁ። ዕድሜ 16 መሙላት አለበት። እንግሊዝኛ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መናገርና መረዳት ግዴታ ነው። ዜግነት ግን አይጠየቅም። ዜጋ ያልሆነ ሰው ለፈተናው ፓስፖርቱን ይዞ ይሂድ።

ሰው የሚወድቀው በአብዛኛው ስለ ድሮን ስለማያውቅ አይደለም። ካርታው ነው የሚጥለው። የአብራሪዎች ካርታ በሰማያዊና በሐምራዊ ክቦች፣ በሰረዝና በቁጥር የተሞላ ነው። አንዱ ክብ ከመሬት ይጀምራል፣ ሌላው ከላይ ነው። ከጥናት ጊዜያችሁ ግማሹን ለዚህ ብቻ ብትሰጡት አያስቆጭም። የኤፍኤኤ መጽሐፍ በነፃ ይወርዳል፤ በመቶ ዶላሮች የሚሸጡ ኮርሶች ከዚያ ብዙም የተለየ ነገር የላቸውም። ካለፋችሁ በኋላ የደኅንነት ማጣራት ይደረግና ሰርተፊኬቱ ይመጣል። በየ24 ወሩ ነፃ የኦንላይን ማደሻ አለ።

ደረጃ 4፦ ድሮኑን መዝግቡ

ምዝገባው በኤፍኤኤ ድረ ገጽ ላይ ነው። 5 ዶላር ነው፣ ሦስት ዓመት ያገለግላል። የሚያስመዘግቡ ሌሎች ድረ ገጾች አሉ፤ ለ5 ዶላሩ ጉዳይ ብዙ እጥፍ ያስከፍላሉ። እነሱ ጋ አትሂዱ።

የመዝናኛ በራሪ አንድ ቁጥር ወስዶ ለሁሉም ድሮኖቹ ይጠቀምበታል። በፓርት 107 ግን እያንዳንዱ ድሮን ለብቻው ይመዘገባል። ቁጥሩ ውጪ፣ በሚታይ ቦታ ይጻፋል። ባትሪ ቤቱ ውስጥ መለጠፍ ድሮ ቀርቷል።

"የእኔ 249 ግራም ናት፣ ምዝገባ አያስፈልጋትም" የሚለውን ሁላችንም ሰምተናል። እውነት የሚሆነው ለመዝናኛ ስታበሩ ብቻ ነው። ያቺው ድሮን ሰርግ ልትቀርጽ ከተነሳች መመዝገብ አለባት። ከ15 ማይሉ ክልከላም ቀላልነቷ አያድናትም።

ቀጥሎ ሪሞት አይዲ አለ። ድሮኑ አየር ላይ እያለ ማንነቱን፣ ያለበትን ቦታና የአብራሪውን ቦታ በሬዲዮ የሚያሰራጭበት ሥርዓት ነው። ምዝገባ የሚያስፈልገው ድሮን ሁሉ ሊኖረው ይገባል። ከማርች 2024 አጋማሽ ጀምሮ ማስገደድ ተጀምሯል። አዲስ ድሮን ከሆነ አብሮ ይመጣል። አሮጌ ከሆነ ተለጣፊ መሣሪያ ይገዛለታል። ሲመዘገብም የመሣሪያው ተከታታይ ቁጥር አብሮ ይሞላል። በአጭሩ፣ ፖሊስ ድሮኗን ካየ መቆጣጠሪያውን የያዘው ሰው የቆመበትን ማግኘት አይከብደውም።

ደረጃ 5፦ የበረራው ቀን ጠዋት

ስልካችሁ ላይ ቢፎርፍላይ የተባለውን፣ የት ማብረር እንደሚፈቀድ የሚያሳይ አገልግሎት የሚሰጥ አፕ ጫኑ። ኤፍኤኤ ከፈቀደላቸው አንዱ አሎፍት ነው። አድራሻውን አስገቡና እዩ። ካርታው በአራት ማዕዘኖች የተከፋፈለ ከሆነ በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር አለ፦ 0፣ 100፣ 200፣ 400። ያ ቁጥር ፈቃድ በፍጥነት የሚሰጥበት ከፍታ ነው፣ በጫማ። ደለስና ማናሳስ አካባቢ ላንስ በሚባለው ሥርዓት እዚያው አፑ ላይ ትጠይቃላችሁ፤ መልሱ በሰከንዶች ሊመጣ ይችላል። 0 ካለ ግን እንዲህ በፍጥነት ፈቃድ አይገኝም።

ከዚያ ጊዜያዊ ክልከላዎችን ተመልከቱ። ፕሬዚዳንቱ ሲንቀሳቀሱ ሰማይ ይዘጋል። 30,000 ሰውና ከዚያ በላይ የሚይዝ ስታዲየም ውስጥ ትልቅ የቤዝቦል ወይም የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ካለ፣ ከጨዋታው አንድ ሰዓት በፊት ጀምሮ እስኪያልቅና አንድ ሰዓት እስኪጨመርበት በሦስት ማይል ዙሪያ ክልክል ነው። ባልቲሞር ሰርግ የያዛችሁ የቤዝቦል ቡድኑን የኦሪዮልስን ፕሮግራም ማየት አለባችሁ።

ድሮኑ ተነሳልኝ ማለት ተፈቀደልኝ ማለት አይደለም። በጃንዋሪ 2015 አንድ ድሮን ዋይት ሀውስ ግቢ ውስጥ ወደቀ። ከዚያ በኋላ የድሮን አምራቹ ዲጄአይ ድሮኖቹ ዲሲ ውስጥ ጨርሶ እንዳይነሱ አድርጎ ነበር። በጃንዋሪ 2025 ግን ኩባንያው አሜሪካ ውስጥ መቆለፉን ትቶ በማስጠንቀቂያ ተካው። ድሮ ማሽኑ ራሱ እምቢ ይል ነበር። ዛሬ "እሺ" የሚል ቁልፍ ተጭናችሁ ትነሳላችሁ፣ ኃላፊነቱም የእናንተ ይሆናል። ቅጣቱ ለአንድ ጥሰት እስከ 75,000 ዶላር ይደርሳል። የወንጀል ክስም ሊከተል ይችላል።

ደረጃ 6፦ የምትነሱበትን መሬት አስፈቅዱ

የሰርግ ፎቶ ስንል መናፈሻ ነው። እዚህ ደግሞ መናፈሻው ብዙ ጊዜ የፌዴራል ነው። ናሽናል ሞል፣ ሮክ ክሪክ፣ ሜሪዲያን ሂል፣ ግሬት ፎልስ፣ ሁሉም በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሥር ናቸው። ከ2014 ጀምሮ ከእነሱ መሬት ድሮን ማስነሳትና ማሳረፍ ተከልክሏል። የካውንቲ መናፈሻዎችም የየራሳቸው ደንብ አላቸው፤ መደወል ነው። የግል ግቢ ወይም የወይን እርሻ ከሆነ ከባለቤቱ ፈቃዱን በጽሑፍ ውሰዱ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከቀለበቱ ውጪ ያሉት የወይን እርሻዎች ለድሮን ሥራ በእኔ ግምት ምርጡ ቦታ ናቸው።

ደረጃ 7፦ አየር ላይ

ድሮኑን ሁልጊዜ በዓይናችሁ እዩት፤ ስክሪን ማየት አይቆጠርም። ከመሬት ከ400 ጫማ፣ ማለትም ከ120 ሜትር ግድም አትለፉ። ሲመሽ ደግሞ ከሦስት ማይል የሚታይ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ግጠሙ።

400 ጫማ በታች ያለው አየር የኛ ነው ብላችሁ ግን እንዳትዘናጉ። በጃንዋሪ 29 ቀን 2025 በፖቶማክ ወንዝ ላይ የመንገደኞች አውሮፕላንና የጦር ሠራዊት ሄሊኮፕተር ተጋጭተው 67 ሰዎች ሞተዋል። ሄሊኮፕተሩ የነበረበት መስመር የከፍታ ጣሪያው 200 ጫማ ነበር። በሌላ አባባል፣ እዚህ ከተማ ውስጥ ሰው የጫነ ሄሊኮፕተር ከድሮን ጣሪያ በግማሽ ዝቅ ብሎ እንዲበር የተሠራ መንገድ ነበረ። ይህን ካወቅሁ ወዲህ "ትንሽ ብቻ ከፍ ላድርጋት" የሚል ሰው ያናድደኛል። የሄሊኮፕተር ድምፅ ከሰማችሁ ቀረጻው ይቅር፣ ወዲያው አውርዱ።

ሌላው ጣጣ ሰው ነው። እንግዶች ክብ ሠርተው እስክስታ ሲወርዱ ከላይ መቅረጽ ያምራል። ግን እንግዳ የበረራው ቡድን አባል አይደለም፤ ቢስማማም ቅሉ። በሰው ላይ ለማብረር ድሮኑ የተቀመጡትን የደኅንነት መስፈርቶች ማሟላት አለበት። ሚኒ ድሮን እንኳ ክንፎቿ ቆዳ የሚቆርጡ ከሆነና መከለያ ከሌላቸው አትፈቀድም። መፍትሔው ቀላል ነው። ከጎን፣ ራቅ ብላችሁ፣ ካሜራውን አዘንብላችሁ ቅረጹ። በቪዲዮው ላይ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም።

አዳራሹ ውስጠኛው ቀለበት ውስጥ ከሆነስ?

ከኤፍኤኤና ከትራንስፖርት ደኅንነቱ ቲኤስኤ ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል። ግን ረጅም ሂደት ነው፤ ለቅዳሜ ሰርግ ማክሰኞ የሚጀመር ነገር አይደለም። ለመዝናኛ ደግሞ ተስፋ አታድርጉ። ከዚያ ይልቅ ሙሽሮቹን ከሰርጉ ቀደም ብሎ ወይም በመልሱ ሰሞን ከቀለበቱ ውጪ ውሰዷቸውና የድሮኑን ክፍል እዚያ ቅረጹ። ለአዳራሹ መግቢያ ካሜራ በረጅም ምሰሶ ላይ መስቀል ይበቃል። ይህን ውል ስትፈራረሙ ንገሯቸው። በሰርጉ ጠዋት መስማት ማንንም አያስደስትም።

ድሮኑን ወደ አዲስ አበባ ለመውሰድ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ የአሜሪካው ሰርተፊኬት እዚያ አይሠራም። ፈቃድ የሌለው ድሮን ቦሌ ጉምሩክ ላይ ይቀራል። ከመጓዛችሁ በፊት ከኢትዮጵያ የመረብ ደኅንነት አስተዳደር፣ ከኢንሳ ጋር ጨርሱ፣ ወይም ቤት ተዉት።

በረራ ላይ ሳላችሁ ሰርተፊኬታችሁ፣ የምዝገባው ወረቀትና መታወቂያችሁ አብረዋችሁ ይሁኑ፤ ፖሊስ ሊጠይቅ ይችላል። በፓርት 107 በረራ ሰው ክፉኛ ከተጎዳ ወይም ከድሮኑ ሌላ ከ500 ዶላር በላይ የሚያወጣ ንብረት ከተበላሸ በ10 ቀን ውስጥ ለኤፍኤኤ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ሪፖርቱ ድሮኑ በተመዘገበበት ድረ ገጽ ላይ ይሞላል።