ማን ምን ሰጥቶ ምን ተቀበለ? የ1787ቱን የፊላዴልፊያ ጉባኤ ማጥኛ ዘዴ

የአሜሪካን ሕገ መንግሥት አረቃቅ ሲያጠኑ 55ቱን ተወካዮች በመሸምደድ አይጀምሩ፤ ስሙ ይያዝና ክርክሩ ያመልጣል። አንድ ድንጋጌ መርጠው ወደ ኋላ ይከተሉት። ማን አቀረበው? ማን ተቃወመ? መቼ ድምፅ ተሰጠበት? ያሸነፈውስ በምትኩ ምን ለቀቀ? (ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የድምፅ አቆጣጠሩን ይያዙ። አንድ ግዛት አንድ ድምፅ ነበራት፤ ስምንት ሰው የላከችው ፔንሲልቬንያም ቢሆን። የአንድ ግዛት ልዑካን እኩል ለእኩል ከተከፈሉ ድምፃቸው ለማንም አይቆጠርም። ሮድ አይላንድ ጭራሽ ሰው አልላከችም።

ለመለማመድ ጁላይ 16ን ይውሰዱ። ኤድመንድ ራንዶልፍ በሜይ 29 ያቀረበው የቨርጂኒያ ዕቅድ የሁለቱንም ምክር ቤቶች መቀመጫ በነፃ ነዋሪ ብዛት ወይም በሚከፈል መዋጮ ያከፋፍል ነበር። ዊልያም ፓተርሰን በጁን 15 የኒው ጀርሲን ዕቅድ ይዞ ተነሣ፤ አንድ ምክር ቤት፣ ለሁሉም ግዛት እኩል ድምፅ። ማስታረቂያውን (በታችኛው ምክር ቤት መቀመጫ በሕዝብ ብዛት፣ በላይኛው ማለትም በሴኔት ለሁሉም ግዛት እኩል ድምፅ) ግን የኮነቲከቱ ሮጀር ሸርማን ቀድሞ በጁን 11 አቅርቦት ወድቆበታል። ጁላይ 2 ላይ እኩል ድምፅ በሴኔት ይሁን የሚለው 5 ለ5 ሆነ፤ ጆርጂያ ተከፈለች። ነገሩ በኤልብሪጅ ጌሪ ለሚመራ ኮሚቴ ተመራ። ኮሚቴው ትልልቆቹን ግዛቶች ለማባበል የገንዘብ ሕግ ከታችኛው ምክር ቤት ይመንጭ አለ። ጁላይ 16 ላይ ማስታረቂያው 5 ለ4 አለፈ። ሚዛኑን ያጋደሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ሰሜን ካሮላይና ወደ ደጋፊዎቹ መዞሯና ማሳቹሴትስ ለሁለት መከፈሏ። የሕገ መንግሥቱ አባት የሚባለው ጄምስ ማዲሰን በዚህ ድምፅ ተሸናፊ ነበር።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሦስት አምስተኛ ላይ ነው፤ ይህም መቀመጫ ሲከፋፈል ባሪያዎች በሦስት አምስተኛ ቁጥራቸው እንዲታሰቡ የተደረሰበት ስምምነት ነው። ባሪያ በምርጫ ከአምስት ሦስት እጅ ድምፅ ነበረው ማለት አይደለም፤ ምንም ድምፅ አልነበረውም። ደቡቦች መቀመጫቸው እንዲበዛ ባሪያዎቻቸው ሙሉ በሙሉ እንዲቆጠሩ ይፈልጉ ነበር፤ ከሰሜን ብዙዎች ይቃወሙ ነበር። በቁጥሩ ልክ ቀጥተኛ ግብርም እንዲከፈል ተወሰነ።

የባሪያ ንግዱ አንቀጽ ለብቻው ከተነበበ ትርጉሙ አይገባም። ሌላ ኮሚቴ ኮንግረስ ባሪያ ማስገባትን እስከ 1800 እንዳይከለክል ሐሳብ አቀረበ፤ ኦገስት 25 በደቡብ ካሮላይናው ቻርልስ ኮትስዎርዝ ፒንክኒ ጠያቂነት ወደ 1808 ተራዝሞ 7 ለ4 ጸደቀ። ኒው ኢንግላንዶቹ (የሰሜን ምሥራቅ ግዛቶች) ከፒንክኒ ጋር የቆሙት በነፃ አይደለም። ደቡቦች የመርከብ ንግድ ሕግ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ብቻ ይውጣ የሚለውን ጥያቄ በኦገስት 29 ለቀቁላቸው። ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን ያንብቡ። ባሪያ የሚለው ቃል ሆን ተብሎ ከጽሑፉ ስለቀረ በቃሉ ፈልገው አያገኙትም።

የማዲሰን ማስታወሻ ዋናው ምንጭ ነው፤ ሆኖም በኋለኛ ዕድሜው አርሞታል፣ የታተመውም ከሞተ በኋላ በ1840 ነው። ድምፁን ከጉባኤው መዝገብ ያመሳክሩ። የኒው ዮርኩ ተወካይ የሮበርት ያትስ ማስታወሻም ይረዳል፤ ግን ያትስ በጁላይ 10 ጉባኤውን ጥሎ ስለሄደ ከዚያ ወዲህ አይጠቅምም። ቶማስ ጀፈርሰንን ከተወካዮቹ የሚቆጥር ጽሑፍ ካጋጠመዎት ይጠራጠሩት፤ ያን ጊዜ ፓሪስ ነበር።

በመጨረሻው ቀን ሴፕቴምበር 17 ከተገኙት ሦስቱ አልፈረሙም፦ ራንዶልፍ፣ ጌሪና ጆርጅ ሜሰን። ሜሰን ከአምስት ቀን በፊት የመብቶች ድንጋጌ ይጨመር ብሎ አንድም ግዛት አልደገፈችውም። ድንጋጌው የገባው በ1791 ማሻሻያ ነው።