ከመጀመሪያው ውርጭ በፊት፦ ጓሮ ያለው ቤት ለተከራያችሁ አዲስ ገቢዎች

በየዓመቱ ኦክቶበር ሲገባ ያው ጥያቄ ይመጣልኛል። «ቲማቲሜ ትናንት ማታ ደኅና ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ግን ቅጠሉ የተቀቀለ ይመስል ጠቁሮ ተንጠልጥሏል። ምን ዓይነት በሽታ ነው?» በሽታ አይደለም፤ ውርጭ ነው። መድኃኒቱም ቀደም ብሎ የሚሠራ ሥራ እንጂ አሁን ሄደው የሚገዙት ነገር አይደለም። ዘንድሮ አስቀድሜ ልጻፈውና ልገላገል።

ችግሩ የሚጀምረው ከለመድነው ወቅት ነው። ለእኛ መስከረም ዝናቡ አብቅቶ ምድር የምታብብበት ወር ነው፤ በሰሜኑ የዓለም ክፍል ባሉ ቀዝቃዛ አገሮች ግን ጓሮ የሚዘጋበት ነው። ከምድር ወገብ በስተደቡብ ርቃችሁ የምትኖሩ ይህንን ማርች ላይ አንብቡት፤ መጸዋችሁ ያኔ ነው።

የመጀመሪያው ውርጭ በአማካይ መቼ እንደሚጥል የየአገሩ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ያሳውቃል። ፈልጋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ትንበያው ሌሊቱን 3 ዲግሪ ነው ካለም ውርጭ የለም ብላችሁ አትተኙ። ቁጥሩ የሚለካው ከመሬት ሁለት ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው። ሰማዩ በጠራና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ወደ ታች ስለሚተኛ፣ እናንተ ዘንድ 3 የተባለው ቲማቲሙ ሥር ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ሌሊት በፊት ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ በሶብላ፣ ፎሶሊያና ዱባ ይሰብሰቡ። አረንጓዴ ቲማቲም ቤት ውስጥ ይቀላል፤ ብርሃን አያስፈልገውም፣ መስኮት ላይ መደርደሩ ትርፉ ለዓይን ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ ግን አታስገቡት፤ ከ10 ዲግሪ በታች መብሰሉን ያቆማል። ዱባን ከነዘንጉ ቁረጡት፤ ዘንጉ የተነቀለ ዱባ ከዚያው ቦታ መበስበስ ይጀምራል። ጎመንና ካሮት ይቆዩ። እንዲያውም ብርዱ ሲነካቸው ስኳር ስለሚያከማቹ ይጣፍጣሉ።

አሁን ወደ ዋናው። ይህንን ብቻ አንብባችሁ ሌላውን ብትተዉት አልቀየማችሁም። በውጭው ግድግዳ ላይ ያለው የጓሮ ቧንቧ ከብርዱ በፊት ካልተዘጋና ውሃው ካልተንጠፈጠፈ ሊፈነዳ ይችላል። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ብረትም ቢሆን ይህንን አይችለውም። ክፋቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው ግድግዳው ውስጥ ያለው ቱቦ ስለሆነ ክረምቱን ሙሉ ምንም ላይታይ ይችላል። የሚታወቀው ብርዱ አልፎ ቧንቧው ሲከፈት ነው። እኛ የተከራየነው ቤት እንዲህ ሆኖ ቆየን። የገባነው በብርዱ መካከል ስለነበር ቧንቧው ዝግ ነው፤ የርክክብ ሰነዱ ግን የውሃ መስመሮች በሙሉ እንደሚሠሩ ይናገራል። ፈረምን። ብርዱ አልፎ ስንከፍተው ውሃው በምድር ቤቱ ግድግዳ ወረደ። አከራዩ ፊርማችንን አሳየን። ኢንሹራንሱ ቧንቧው የፈነዳበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ አምጡ አለ። ግድግዳ ውስጥ የተሰነጠቀ ቱቦ ቀኑን ለማን ይናገራል? ቅጽ በቅጽ ላይ ሞልተን፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ስንመላለስ ከርመን በመጨረሻ የከፈልነው እኛ ነን።

ስለዚህ የውሃውን ጎማ ንቀሉ። ቤት ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ በምድር ቤት ወይም በወጥ ቤት ማጠቢያ ሥር ያለውን የጓሮውን ቧንቧ መዝጊያ ዝጉ። ከዚያ የውጩን ቧንቧ ከፍታችሁ የቀረው ውሃ ይውረድ፤ ክፍቱንም ተዉት። «ውርጭ አይበግረውም» ተብሎ የሚሸጠውም ቢሆን ጎማው ካልተነቀለለት ውሃው ስለማይወርድ እንደ ሌላው ይፈነዳል። መዝጊያው የት እንዳለ ካላወቃችሁ አከራዩን በጽሑፍ ጠይቁ። በስልክ አይደለም፤ በጽሑፍ። ቀኑ የሚታይበት ፎቶ አንሡ። በብርዱ ወራት ቤት የምትረከቡ ሰዎች ደግሞ «የጓሮው ቧንቧ አልተሞከረም» ብላችሁ በእጃችሁ ሳትጽፉ አትፈርሙ። ፊት ቢያጠቁሩባችሁ ያጥቁሩ።

ወደ ዛፎቹ ስንመጣ፣ መጋዙን አስቀምጡት። በመጸው መጀመሪያ የተገረዘ ዛፍ አዲስ ለጋ ቅርንጫፍ ሊያወጣ ይሞክራል፤ ለጋውን ውርጭ ይበላዋል። ፖምና ፒር የሚገረዙት ቅጠላቸው ረግፎ ሲያንቀላፉ ነው። ፕሪምና ቼሪ ግን በሙቀቱ ወራት በደረቅ ቀን ይገረዛሉ፤ በእርጥብ ወራት ከቆረጣችኋቸው ቅጠላቸውን ብርማ የሚያደርግ ፈንገስ በቁስሉ ይገባል። ዛፍ ከሥሩ መቁረጥ ደግሞ በብዙ ከተሞች ፈቃድ ይጠይቃል፤ በገዛ ግቢያችሁም ቢሆን። «ማን ያየኛል» የሚል ሰው ጎረቤቶቹን ገና አላወቃቸውም። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያም አሁን አትጨምሩ፤ የሚያወጣው ውርጭ የሚበላው ለጋ ቅጠል ነው።

ፖም መድረሱን ለማወቅ ፍሬውን በመዳፋችሁ ደግፋችሁ ወደ ላይ አንሡትና ትንሽ አዙሩት። ከቅርንጫፉ በቀላሉ ከለቀቀ ደርሷል። ፒር ግን ዛፉ ላይ እስኪለሰልስ አይጠበቅም፤ ከዘሩ ዙሪያ ጀምሮ ስለሚበሰብስ ውጩ ደኅና መስሎ ውስጡ ያረጃል። ገና ጠንካራ ሳለ ቀጥፋችሁ ቤት ውስጥ አብስሉት። ለክረምት የምታስቀምጡት ያልተቧጨረውን ብቻ ይሁን።

የወደቀውንም ልቀሙ፤ ተርብና አይጥ ይጠራል። ደርቆ ቅርንጫፍ ላይ የቀረ ፍሬ የበሽታው መደበቂያ ነውና አውርዱት። ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት የፖም ቅጠልም ከዛፉ ሥር ከከረመ ፈንገሱ በሚቀጥለው ዓመት ከዚያው ይነሣል። የታመመውን ወደ ብስባሹ ጉድጓድ ሳይሆን ማዘጋጃ ቤቱ ለአትክልት ቆሻሻ በመደበው ማጠራቀሚያ ጣሉት። የትኛው ቀለም ለየትኛው ቆሻሻ እንደሆነ ከተማ ከከተማ ስለሚለያይ እኔን አትጠይቁኝ፤ ማዘጋጃ ቤቱ የላከላችሁ ወረቀት ላይ አለ።

ጤነኛውን ቅጠል ግን አትጣሉ። ነጭ ሽንኩርት የሚተከለው አሁን ስለሆነ ለእርሱ ይፈለጋል። ራሱ በፍልቃቂ እንዲከፋፈል ብርድ ያስፈልገዋል፤ ለዚህ ነው ከክረምት በፊት የሚገባው። መሬቱ ሳይጠጥር ትልልቆቹን ፍልቃቂዎች ጫፋቸውን ወደ ላይ አድርጋችሁ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቅበሩ፤ በመካከላቸው 15 ሴንቲ ሜትር ተዉ። ከዚያ ቅጠሉን አልብሷቸው።