የአሮጌው ፍሪጃችን ሞተር አላቆም ሲል

ፍሪጁ በዕድሜ ይበልጠኛል፤ የቤቱ ምግብ ግን የሚውል የሚያድረው እሱ ውስጥ ነው። ሰሞኑን ሞተሩ እረፍት አጣ፤ ፍሪዘሩም በረዶ ጋገረ። ጠጋኙ «ጋዝ አልቋል» አለ። አልተዋጠልኝም። ጋዝ ያለቀበት ፍሪዘር ዳር እስከ ዳር እንዲህ አይጋግርም።

አንድ የብር ኖት በሩ ላይ ዘግቼበት ሳብኩት። ላይኛው ጥግ ጋ ሙልጭ ብሎ ወጣ። የበሩ ጎማ ደርቆ እርጥብ አየር ያስገባል ማለት ነው።

ከሶኬት ነቅዬ በረዶው በራሱ እስኪቀልጥ ጠበቅኩ። (ቢላ እንዳታስነኩት! ቱቦው ከተበሳ ጋዙ ያኔ በእርግጥ ያልቃል።) ጎማውን በሳሙና አጠብኩት። በሙቅ ውሃ በተነከረ ጨርቅ አለስልሼ፣ የተጨማደደውን ጥግ በጣቴ ወደ ውጭ ሳብ ሳብ አደረግኩ። ቫዝሊን ስስ አድርጌ ቀባሁትና ዘግቼ አሳደርኩት።

አሁን ብሩን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፤ ሞተሩም እያረፈ ይነሳል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን 5 ደቂቃ ሳይሞላ አልሰካውም።